ገዢው ሲፈልገን ያገኘናል ወይ?

(በዩኒየኑ የምሥረታ በዓል ላይ ለመሠረታዊ ማኅበራት ተወካዮች፣ ለቦርድ አባላትና ለሠራተኞች የቀረበ ንግግር)

ክቡራን የዩኒየኑ የሥራ አመራር ቦርድ አባላት፣
ክቡራን የመሠረታዊ ማኅበራት ሊቃነ መናብርትና ተወካዮች፣
ውድ የጽሕፈት ቤቱ ሠራተኞች፣
የተከበራችሁ ተጋባዥ እንግዶች፤



በዛሬው ዕለት ስለ መጋዘኑ፣ ስለ መፈልፈያ ጣቢያዎቹና ስለ ጭነት መኪናዎቹ ብዙ ተነግሯል። እኔ የምናገረው ግን አጥር ስለሌለውና ዘበኛ ስለማይቆምለት አንድ ሌላ ንብረት ነው። እርሱም የዩኒየኑ ድረ ገጽ ነው። አንዳንድ አባቶች «ይህ የከተማ ልጆች ጉዳይ ነው፤ እኛ የምናውቀው ቡናችንን ነው» ትሉ ይሆናል። ነገሩ ግን እናንተን በቀጥታ ይነካል።

እንደሚታወቀው ገበሬው በማኅበር፣ ማኅበራቱም በዩኒየን የተደራጁበት አንዱ ዋና ምክንያት በአምራቹና በመጨረሻው ገዢ መካከል ያለውን ርቀት ለማሳጠር ነው። ያ ርቀት ባጠረ ቁጥር ከዋጋው ለገበሬው የሚደርሰው ይጨምራል። ዛሬ ሐምቡርግ ወይም ሲያትል ከተማ ያለ ቡና ቆልቶ የሚሸጥ ነጋዴ አዲስ ቡና ሲፈልግ አስቀድሞ ስልኩን ወይም ኮምፒዩተሩን ይከፍትና የሚፈልገውን ይጽፋል። በዚያች ደቂቃ ከሚወጡት ስሞች መካከል ዩኒየኑ ከሌለ፣ ያሳጠርነው ርቀት ተመልሶ ይረዝማል። ነጋዴው ቡናችንን የሚያገኘው በሌላ ሰው በኩል ይሆናል።

ስለ ቡናችን ስም ዋጋ ከዚህ በፊት ትልቅ ትግል ተደርጓል። እ.ኤ.አ. በ2005 ኢትዮጵያ በአእምሯዊ ንብረት ጽሕፈት ቤቷ አማካይነት የሐረር፣ የሲዳሞና የይርጋጨፌ ቡና ስሞችን በአሜሪካ በንግድ ምልክትነት ለማስመዝገብ አመልክታ ነበር። የዚያ አገር ብሔራዊ የቡና ማኅበር ተቃወመ፤ ከስታርባክስ ኩባንያ ጋርም ክርክር ተነሣ፤ በመጨረሻ እ.ኤ.አ. በ2007 ስምምነት ተፈረመ። የክርክሩ ፍሬ ነገር ስሙ የሚያመጣው ጥቅም ለባለ ስሙ ይድረስ የሚል ነበር። ያ ሥራ በሕግና በመንግሥት ደረጃ የተሠራ ነው። በፍለጋ ገጽ ላይ ያለውን ሥራ ግን መንግሥት አይሠራልንም። እያንዳንዱ ዩኒየን ለራሱ የሚሠራው ነው። እስቲ ዛሬ ማታ የአካባቢያችሁን ቡና ስም በእንግሊዝኛ ጽፋችሁ ፈልጉና በመጀመሪያ የሚመጣው ማን እንደሆነ ራሳችሁ ተመልከቱ።

ፍለጋው እንዴት ይሠራል?

በዓለም ላይ በብዛት የሚሠራበት የመፈለጊያ ድረ ገጽ ጉግል ነው። ላሪ ፔጅና ሰርጌይ ብሪን የሚባሉ ሁለት የስታንፎርድ ዩኒቨርሲቲ ተማሪዎች የጀመሩት ሲሆን፣ በኩባንያ ደረጃ የተቋቋመው እ.ኤ.አ. በ1998 ነው። ሥራውን በሦስት ደረጃ ከፍለን ልናየው እንችላለን።

በመጀመሪያ ደረጃ፣ የኮምፒዩተር ፕሮግራሞች ከገጽ ወደ ገጽ እየተዘዋወሩ የተጻፈውን ያነባሉ። ከአንዱ ገበያ ወደ ሌላው እየዞረ የእያንዳንዱን ነጋዴ ዕቃ የሚመዘግብ ሰው አስቡ። በሁለተኛ ደረጃ፣ ያነበቡትን በትልቅ መዝገብ ውስጥ በየቃሉ ይመድባሉ። በሦስተኛ ደረጃ፣ አንድ ሰው ጥያቄ ሲጽፍ ከመዝገቡ ውስጥ ለጥያቄው የተሻለ መልስ ይኖራቸዋል የተባሉት ገጾች በቅደም ተከተል ይቀርባሉ።

ቅደም ተከተሉ እንዴት ይወሰናል? መመዘኛዎቹ ብዙ ናቸው። ሁለቱቹ ሰዎች መጀመሪያ ያመጡት ሐሳብ ግን ለእኛ አገር ሰው እንግዳ አይደለም፤ እርሱም የምስክርነት ሐሳብ ነው። አንድ ገጽ ወደ ሌላ ገጽ ሲመራ እንደ መመስከር ይቆጠራል። በመንደር ውስጥ አንድን ሰው የተከበሩ ሽማግሌዎች «እናውቀዋለን» ካሉት ዋስ እንዳገኘ ይቆጠራል፤ የማይታወቁ አሥር ሰዎች ቢመሰክሩለት ግን ያን ያህል አይመዝንም። ስለዚህ ቡናችሁን የሚገዙ ድርጅቶች፣ የምስክር ወረቀት የሰጧችሁ ተቋማትና አብረዋችሁ የሠሩ ዩኒቨርሲቲዎች በየድረ ገጻቸው ላይ ስማችሁን ሲጠቅሱ ወደ እናንተ ገጽ እንዲመሩ መጠየቅ ተገቢ ነው። ይህ ገንዘብ አይጠይቅም፤ አንድ ደብዳቤ ይበቃል።

ገዢው የሚጽፈው ቃል

ብዙ ድረ ገጾች ሲከፈቱ የሚነበበው የሥራ አስኪያጁ መልእክት፣ ራዕይና ተልእኮ ነው። ይህ ክፋት የለውም። ነገር ግን ቡና ለመግዛት የሚፈልግ ሰው «ራዕይ» ብሎ አይፈልግም። እርሱ የሚጽፈው የአካባቢውን ስም፣ የታጠበ ወይም ያልታጠበ መሆኑን፣ ከባሕር ጠለል በላይ ያለውን ከፍታ፣ የምርት ዘመኑን፣ ኦርጋኒክ መሆን አለመሆኑን ነው። እኛ ስለ ራሳችን ልንናገር የምንወደውና ገዢው ሊያውቅ የሚፈልገው የማይገናኙ ከሆነ፣ ድረ ገጹ ቢያምርም አይገኝም።

እዚህ ላይ የስም አጻጻፍ ጉዳይ አለ። ይርጋጨፌ የሚለው ስም በላቲን ፊደል አንዳንዴ በአንድ «ኤፍ»፣ አንዳንዴ በሁለት፣ አንዳንዴም ሁለት ቃል ተደርጎ ይጻፋል። ሐረር በአንድ ወይም በሁለት «አር» ይጻፋል። ጅማ በ«ጄ» ወይም በድሮው የንግድ አጻጻፍ በ«ዲ» ይጀምራል። ሲዳማ የሕዝቡና የክልሉ ስም ሲሆን፣ የውጭው ገበያ ግን ለረጅም ዘመን ሲዳሞ ሲል ኖሯል። ጉግል ብዙውን ጊዜ የአጻጻፍ ልዩነትን ይረዳል። የመሠረታዊ ማኅበራትና የቀበሌ ስሞች ላይ ግን ሁልጊዜ አይሳካለትም፤ ምክንያቱም በመዝገቡ ውስጥ ያሉት ጥቂት ጊዜ ብቻ ነው። ስለሆነም አንድ አጻጻፍ መርጣችሁ በድረ ገጹ፣ በጆንያው ላይ፣ በናሙናው ወረቀትና በደረሰኙ ላይ አንድ ዓይነት አድርጉት። ሌላውን አጻጻፍ ደግሞ «በገበያ እንዲህም ይባላል» ብላችሁ አንድ ጊዜ ጥቀሱት።

በአማርኛ ለሚጻፈው ክፍልም ተመሳሳይ ጥንቃቄ ያስፈልጋል። «ኅብረት ሥራ» የሚለውን ቃል ብቻ ብንወስድ በ«ኅ»፣ በ«ህ» ወይም በ«ሕ»፣ በ«ሥ» ወይም በ«ስ» ይጻፋል። አንዱን መርጦ መጽናት ይሻላል። ከዚህም ሌላ የፊደላችን የኮምፒዩተር መለያ በዩኒኮድ የተካተተው እ.ኤ.አ. በ1999 ነው። ከዚያ በፊት በተሠሩ የፊደል ፕሮግራሞች የተጻፈና እንዳለ የተለጠፈ ጽሑፍ ለመፈለጊያው ትርጉም የሌለው ምልክት ነው። ፎቶ ተነሥቶ የተለጠፈ በራሪ ወረቀትም እንዲሁ ነው፤ መፈለጊያው በሥዕል ውስጥ ባለ ጽሑፍ ላይ እምነት ሊጣልበት አይችልም። የቆየ መጽሔትና ብሮሸር ካላችሁ በዩኒኮድ እንደገና አስጽፉት።

በገጹ ላይ ምን ይጻፍ?

የእኔ ምክር ቀላል ነው። ለእያንዳንዱ መሠረታዊ ማኅበር አንድ ገጽ ይኑረው። በገጹ ላይ የወረዳውና የቀበሌው ስም፣ ከፍታው፣ የአባላቱ ብዛት በወንድና በሴት፣ የመፈልፈያ ጣቢያው ስም፣ እሸት ቡና የሚለቀምባቸው ወራት፣ ቡናው በማድረቂያ አልጋ ላይ የሚቆይበት ጊዜ፣ በዘመኑ ለሽያጭ የቀረበው መጠን፣ ያለው የምስክር ወረቀትና የሚያበቃበት ቀን ይስፈር። በመጨረሻም ናሙና ለመጠየቅ ለማን እንደሚጻፍ በግልጽ ይቀመጥ። ይህን ሁሉ እናንተ ታውቁታላችሁ፤ በመዝገባችሁም አለ። ከእናንተ የተሻለ ሊጽፈው የሚችል ማንም የለም።

የገጹ ርእስም ትኩረት ይሻል። በፍለጋ ጊዜ ጎላ ብሎ የሚታየው አብዛኛውን ጊዜ እርሱ ነው። «እንኳን ደህና መጡ» የሚል ርእስ ለገዢው ምንም አይነግረውም፤ የአካባቢው ስም፣ የቡናው ዓይነትና የዩኒየኑ ስም ያለበት ርእስ ግን ይነግረዋል።

የገጹ ክብደትም ይታሰብበት። ጉግል ገጾችን በዋናነት በስልክ በሚታዩበት መልክ መመዘን እንደሚጀምር ያስታወቀው እ.ኤ.አ. በ2016 ሲሆን፣ ሽግግሩን የጨረሰው በ2023 ነው። በጽሕፈት ቤቱ ኮምፒዩተር ላይ የሚያምር፣ በስልክ ግን ለመከፈት ብዙ ደቂቃ የሚፈጅ ገጽ ለገዢውም ለአባሉም አይጠቅምም። ፎቶዎቹ መጠናቸው ተቀንሶ ይለጠፍ፤ ከሥራቸውም ምን እንደሚያሳዩ ይጻፍ።

አንድ ወቅታዊ ምሳሌ ልጨምር። የአውሮፓ ኅብረት እ.ኤ.አ. በ2023 ያወጣው የደን መጨፍጨፍን የሚመለከት ሕግ፣ ቡና አስመጪዎች ቡናው የበቀለበትን ማሳ መገኛ እንዲያቀርቡና ከ2020 መጨረሻ በኋላ ከተጨፈጨፈ ደን ያልመጣ መሆኑን እንዲያረጋግጡ ያዛል። ሕጉ ሥራ ላይ የሚውልበት ጊዜ ከአንድ ጊዜ በላይ ቢራዘምም፣ አስመጪዎች ስለ ማሳ መረጃ መጠየቃቸው አልቀረም። ማሳዎቻችሁ እንዴት እንደተለኩና መረጃው በማን እጅ እንዳለ የሚያስረዳ አንድ ገጽ ካላችሁ፣ ይህን ጥያቄ ይዞ የሚፈልግ ገዢ ያገኛችኋል። ነገር ግን የአባላትን ስም ከነማሳቸው መገኛ በአደባባይ አትለጥፉ። እርሱ በውል ለገዢው የሚሰጥ እንጂ ለመንገደኛው ሁሉ የሚታይ አይደለም።

ከአቋራጭ መንገድ ተጠበቁ

«በአንድ ወር ውስጥ የመጀመሪያው ረድፍ ላይ አስቀምጣችኋለሁ» እያለ ገንዘብ የሚጠይቅ ሰው አይጠፋም። ጉግል ራሱ የመጀመሪያውን ቦታ ማንም ዋስትና ሊሰጥበት እንደማይችል በይፋ ይገልጻል። አንድ የቡና ቀማሽ ቡናውን ሳይቀምስ ነጥቡን ቢነግራችሁ እንደማታምኑት ሁሉ፣ ይህንንም አትመኑ።

አንዱን ቃል መቶ ጊዜ መደጋገም፣ በነጭ ገጽ ላይ በነጭ ቀለም መጻፍ፣ ከማይታወቁ ገጾች ምስክርነት መግዛት ድሮ የሚሠራባቸው ዘዴዎች ነበሩ። ጉግል እ.ኤ.አ. በ2011 «ፓንዳ»፣ በ2012 ደግሞ «ፔንግዊን» የተባሉ ማሻሻያዎችን አውጥቶ እንዲህ ዓይነት ገጾችን ወደ ኋላ መለሳቸው። ነገሩ ቡና ላይ ጠጠር ቀላቅሎ ሚዛን እንደ ማክበድ ነው። ለአንድ ጊዜ ሚዛኑ ከፍ ይላል፤ ከዚያ በኋላ ግን ደረጃው ይወርዳል፣ ስሙም ይበላሻል። ጊዜው ያለፈበትን የኦርጋኒክ የምስክር ወረቀት ለጥፎ መተውም ከዚህ የማይተናነስ ጉዳት አለው። ገዢው ቀኑን ያነባልና።

ጎብኚን መቁጠር፣ ጥያቄን መቁጠር

አሁን ወደ ሁለተኛው ጉዳይ ልለፍ። በመፈልፈያ ጣቢያ ሚዛን ሳይኖር ሥራ እንደማይታሰብ ሁሉ፣ ድረ ገጽም ያለ ቆጠራ ሥራው አይታወቅም። ለዚህ የሚያገለግሉ ነጻ መሣሪያዎች አሉ። ሰርች ኮንሶል የሚባለው ሰዎች የትኛውን ቃል ሲጽፉ ገጻችሁ እንደታየና ስንቶቹ እንደከፈቱት ያሳያል። ጉግል አናሊቲክስ የሚባለው ደግሞ ከየት አገር እንደመጡ፣ የትኛውን ገጽ እንዳነበቡና ምን እንዳደረጉ ይቆጥራል።

ይሁን እንጂ የቁጥር ብዛት ያታልላል። እንበል፣ በኅዳር ወር 1,000 ሰዎች ገጻችሁን ከፈቱ፤ 6 ነጋዴዎችም ናሙና ጠየቁ። በታኅሣሥ ወር 3,000 ሰዎች ከፈቱ፤ ናሙና የጠየቁት ግን 2 ብቻ ናቸው። ለቦርዱ የሚቀርበው ሪፖርት «ጎብኚዎቻችን በሦስት እጥፍ ጨመሩ» ቢል ሁሉም ያጨበጭባል። ገበያው ግን ቀንሷል። ከስድስት ኪሎ ገደማ እሸት አንድ ኪሎ ንጹሕ ቡና እንደሚገኝ እናንተ ታውቃላችሁ። ጎብኚው እሸቱ ነው፤ የናሙና ጥያቄው ንጹሑ ቡና ነው። ክፍያ የሚመጣው በንጹሑ ነው።

የአንዲት ጥያቄ ዋጋ ምን ያህል ነው? ባለ 20 ጫማ ኮንቴይነር ባለ 60 ኪሎ ጆንያ 320 ይይዛል፤ 19,200 ኪሎ ማለት ነው። ወደ እሸት ሲመለስ 115,000 ኪሎ ያህል ይሆናል። ይህ ሁሉ ከአባላት ጓሮ በእጅ እየተለቀመ የመጣ ነው። በኢ-ሜይል የመጣች አንዲት የናሙና ጥያቄ ሳትመለስ ሦስት ሳምንት ከቆየች የሚባክነው ይህ ሊሆን ይችላል። ስለዚህ ጥያቄ በመጣ በስንት ቀን መልስ እንደተሰጠም ይቆጠር።

ቆጠራው ንጹሕ እንዲሆን የራሳችን ሠራተኞች ገጹን የከፈቱበት ከሂሳቡ ይውጣ። ቡና ከማይገዛ አገር በአንድ ሌሊት ብዙ ጎብኚ ከመጣ ሰው ሳይሆን ፕሮግራም ሊሆን ስለሚችል ይጣራ። ደግሞም እ.ኤ.አ. ከ2024 ወዲህ ጉግል ለብዙ ጥያቄዎች በሰው ሠራሽ አስተውሎት የተዘጋጀ አጭር መልስ ከላይ ያቀርባል። ሰው መልሱን እዚያው አንብቦ ገጻችሁን ሳይከፍት ሊሄድ ይችላል። በመሆኑም የጎብኚ ቁጥር ቢቀንስ ወዲያው አትደንግጡ፤ ቢጨምርም ወዲያው አትጨፍሩ። የናሙናውን ጥያቄና ውሉን ተመልከቱ።

ከሁሉም የሚቀለው ቆጠራ መሣሪያም አያስፈልገውም። ለሚጽፍ ወይም ለሚደውል አዲስ ገዢ ሁሉ «እንዴት አገኛችሁን?» ብሎ መጠየቅና መልሱን መመዝገብ ነው።

መዝገብ ስል በእርግጥ መዝገብ ማለቴ ነው። ጉግል አናሊቲክስ በነጻ መሰጠት የጀመረው እ.ኤ.አ. በ2005 ነበር። በሐምሌ 2023 የቀድሞው ዓይነት መቁጠሩን አቆመ፤ ከአንድ ዓመት በኋላም የቆየው መረጃ ከእይታ ወጣ። በራሳቸው መዝገብ ያልገለበጡ ድርጅቶች የዓመታት ቁጥራቸውን አጡ። ሰርች ኮንሶልም የሚያሳየው የ16 ወር መረጃ ብቻ ነው። ስለዚህ በየወሩ መጨረሻ አራት ቁጥሮች ይጻፉ፤ ያገኙን ቃላት፣ የመጡበት አገር፣ የናሙና ጥያቄ ብዛትና የተፈረመ ውል። አንድ ገጽ ደብተር ለዓመት ይበቃል።

ሊብሬው በማን ስም ነው?

የመጨረሻው ነጥቤ የባለቤትነት ነው። ዩኒየኑ የጭነት መኪና ሲገዛ ሊብሬውን በሾፌሩ ስም አያወጣም። በድረ ገጽ ላይ ግን ይህ ሲደረግ ይታያል። ገጹን በፕሮጀክት ገንዘብ ያሠራው ድርጅት፣ ወይም የሠራው ወጣት ባለሙያ፣ የገጹን አድራሻ በራሱ ስም ያስመዘግባል፤ የይለፍ ቃሉም በእርሱ እጅ ይቀራል። ፕሮጀክቱ ሲያበቃ ወይም ባለሙያው ሌላ ሥራ ሲይዝ የዓመቱን ክፍያ የሚከፍል ይጠፋል፤ ገጹም ይዘጋል። የተተወ አድራሻ ደግሞ ማንም ሊገዛው ይችላል። ለዓመታት የተሰበሰበው ምስክርነት ሁሉ ከአድራሻው ጋር ለሌላ ሰው ይሄዳል። በጆንያውና በቢዝነስ ካርዱ ላይ የታተመው አድራሻ ቁማር ወደሚያስተዋውቅ ገጽ ሊመራ ይችላል።

ስለሆነም የድረ ገጹ አድራሻ፣ የአናሊቲክሱና የሰርች ኮንሶሉ መለያ፣ የኢ-ሜይሉም ጭምር በዩኒየኑ ስም ይሁን። የይለፍ ቃሉ ከአንድ በላይ በሆኑ ኃላፊዎች እጅ በጥንቃቄ ይያዝ። ክፍያው የሚያልቅበት ቀን በበጀት ውስጥ ይግባ። ከመሬቱ ካርታና ከመኪናው ሊብሬ ጋር በንብረት መዝገብ ላይ ይስፈር፤ ኦዲተሩም ሲመጣ ይጠይቀው።

ክቡራትና ክቡራን፤

ድረ ገጽ የቡናን ጥራት አይተካም። መጥፎ ናሙና የላከ ዩኒየን በጉግል የመጀመሪያው ረድፍ ላይ ቢቀመጥም ገዢው ሁለተኛ አይመለስም። የዓለም ዋጋ ሲወድቅም ድረ ገጽ አያነሣውም። የድረ ገጽ ሥራ ገዢውን እስከ በራችን ማምጣት ነው። በሩን ከፍቶ ማስገባት፣ ማስቀመስና በቃል መገኘት የእኛ ፋንታ ነው።

እኔ ለቦርዱ የማቀርበው ሐሳብ ሦስት ነው። አንደኛ፣ ከሚቀጥለው ጠቅላላ ጉባኤ በፊት የድረ ገጹ አድራሻ በማን ስም እንደተመዘገበ ተጣርቶ ሪፖርት ይቅረብ። ሁለተኛ፣ ከመጪው የእሸት ለቀማ በፊት የየመሠረታዊ ማኅበሩ ገጽ ይጻፍ፤ ጽሑፉንም ወጣቶች ይተይቡ፣ መረጃውን ግን አባቶችና እናቶች ይስጡ። ሦስተኛ፣ አንድ ሠራተኛ በኃላፊነት ተመድቦ በየወሩ አራቱን ቁጥሮች ለሥራ አስኪያጁ ያቅርብ። ይህ ሁሉ ብዙ ገንዘብ አይጠይቅም፤ ትጋት ግን ይጠይቃል።

አባቶቻችን «ድር ቢያብር አንበሳ ያስር» ብለዋል። እናንተ በማበር ምን እንደሚገኝ በሥራ አሳይታችኋል። አሁን የቀረው ይህን ሥራችሁን ለሚፈልገው ሰው በሚፈልግበት ቦታ ማስቀመጥ ነው።